በቪዲዮ ትምህርት ካሜራ መክፈት ግዴታ ይሁን?

ለውይይት የቀረበው ጥያቄ፦ ተማሪዎች አዳዲስ የቪዲዮ ቴክኖሎጂዎችን እንዲቀበሉ የሚገፋፋቸው፣ ወይም የሚያሸሻቸው ምንድን ነው? በቀጥታ ትምህርት ጊዜ ካሜራ እንዲከፍቱ ማስገደድስ ይገባል?

መምህሩ፦ ይገባል እላለሁ። ሠላሳ ጥቁር ሳጥን ፊት ማስተማር ግድግዳ ከማናገር አይለይም፤ ማን እንደገባው፣ ማን እንደተኛ አይታወቅም። የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ሞዴል መሠረት ሰው ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አያስቸግረኝም ብሎ ሲያምን ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ማንንም አያስቸግርም፤ ጥቅሙ ደግሞ ካልሞከሩት አይታወቅምና መጀመሪያ ላይ ማስገደድ ነውር የለውም።

ተማሪዋ፦ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያስቸገረን ቁልፉን መጫን አይደለም። ካሜራው ሲከፈት ከኋላዬ ያለው አልጋ፣ የተሰቀለው ልብስ፣ በር ከፍታ የምትገባው ታናሽ እህቴ ሁሉ አብረውኝ ክፍል ይገባሉ። እኔም እርስዎን ትቼ በስክሪኑ ጥግ ያለውን የራሴን ፊት ሳይ እገኛለሁ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ለቪዲዮ ስብሰባ ድካም ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ራስን ያለማቋረጥ ማየት ነው። ይህችው እኔ ግን የተቀረጸ ትምህርት ሲለቀቅ ማንም ሳያስገድደኝ እከፍታለሁ፤ ያልገባኝን ሦስት ጊዜ መልሼ አያለሁ፣ የማውቀውን አፍጥኜ አልፈዋለሁ። እንግዲህ የሸሸሁት ቪዲዮን ሳይሆን መታየትን ነው።

የኔትወርክ ባለሙያው፦ የዳታው ነገር ተዘነጋ። በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 675 ሜጋባይት ይበላል፤ በ64 ኪሎቢት የሚሄድ ድምፅ ግን 30 እንኳ አይሞላም። ካሜራውን ያጠፋ ሁሉ አፍሮ ነው ማለት አይቻልም።

መምህሩ፦ በዳታው ተረትቻለሁ። ነገር ግን ተቀርጾ የተቀመጠ ትምህርት «ነገ አየዋለሁ» እየተባለ እስከ ፈተና ዋዜማ ይከማቻል፤ ይህንንስ ትክጂያለሽ?

ተማሪዋ፦ አልክድም። በብዛት የሚከማቸው ግን የአንድ ሰዓት ርዝመት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ኤዴክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት ተማሪዎችን ይዞ የሚቆየው አጭር ቪዲዮ መሆኑን አሳይቷል፤ ከ6 ደቂቃ በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ማብራሪያውን እንዲህ ቆራርጠው ቢለቁልን፣ የቀጥታው ሰዓት አራት አራት እየሆንን ለምንወያይበት ይተርፋል። እዚያ ካሜራዬን ራሴ እከፍታለሁ።

መምህሩ፦ እህትሽ ብትገባስ?

ተማሪዋ፦ ለአራት ሰው ብቻ ከሆነ ትግባ።