የተማሪዎች የአዮዲን እጥረት፦ ሽንት፣ ጨው ወይስ አንገት መዳሰስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ የአዮዲን እጥረትንና አጋላጭ ሁኔታዎቹን ልናጠና ነው። ያሰብነው አንገት ዳሶ እንቅርት መፈለግ፣ ከየተማሪው አንድ ጊዜ ሽንት መውሰድ፣ ከቤት የመጣ ጨው በኪት (ጠብታ ሲደረግበት ቀለም በመለወጥ አዮዲን መኖሩን በሚያሳይ ፈጣን መመርመሪያ) መመርመርና መጠይቅ ማስሞላት ነው። ሽንቱ በሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች የሆነውን ሁሉ «እጥረት አለበት» ብንል ያስኬዳል? ከመጠይቁስ ምን መቅረት የለበትም?

መልስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ አያስኬድም። በሽንት የሚወጣው አዮዲን ከቀን ቀን፣ በአንድ ቀን ውስጥም ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል፤ ብዙ ውኃ የጠጣ ልጅ ውጤቱ ዝቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የተሠራው ለቡድን ነው። ውጤቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው ቁጥር (ሚዲያን) ከ100 እስከ 199 ከሆነ በቂ፣ ከ50 እስከ 99 ቀላል እጥረት፣ ከ20 እስከ 49 መካከለኛ፣ ከ20 በታች ከባድ ነው። ሚዲያኑ 110 በሆነበት ትምህርት ቤት በርካታ ተማሪዎች ከ100 በታች መውደቃቸው አይቀርም፤ ይህ ግን የእጥረት ምጣኔ አይደለም። ብዙ ጥናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከሚዲያኑ ጋር የሚታየው ከ50 በታች የሆኑት ከ20 በመቶ አለመብለጣቸው ነው።

መልስ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሽንት ይበቃል፤ ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ ንጹህ የፕላስቲክ ዕቃ ይያዝ። ናሙናውን የሚያበላሸው በአብዛኛው ብክለት ነው። አዮዲን ያለበት የቁስል ማጽጃ በአካባቢው አይኑር፤ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕም በዚያው ዕቃ ውስጥ አይነከር፣ አንዳንዱ ራሱ አዮዲን አለበት።

የጨው ኪቱ አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑን በእርግጠኝነት አይነግርም። ጨው ላይ የሚወጣው ሰማያዊ ቀለም ሲደምቅ «ብዙ አለ» ብላችሁ አትመዝግቡ። ቀለም ካልመጣ ደግሞ ጨው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሊሆን ስለሚችል፣ ከኪቱ ጋር የሚመጣውን የማረጋገጫ ፈሳሽ ጨምሩና ድገሙት። አዮዴትና አዮዳይድ ጨው ላይ የሚጨመሩ ሁለት የአዮዲን ዓይነቶች ናቸው፤ ለአዮዴት የተሠራ ኪት አዮዳይድን አያሳይም። መጠኑ ከተፈለገ ቲትሬሽን (መጠንን በቁጥር የሚለካ የላብራቶሪ ምርመራ) ያስፈልጋል፤ ለዚህም በደንብ የተቀላቀለ ቢያንስ 20 ግራም ጨው ይምጣ።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ቤት ውስጥ 15 ፒፒኤም የተገኘበት ጨው ለልጁ በቂ ነው ማለት ነው?

መልስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ በራሱ አይደለም። 1 ፒፒኤም ማለት በ1 ግራም ጨው ውስጥ 1 ማይክሮ ግራም ነው። 5 ግራም ጨው በ15 ፒፒኤም 75 ማይክሮ ግራም ይሰጣል፤ ከ12 ዓመት በላይ ላለ ሰው በቀን የሚመከረው 150 ነው። 30 ፒፒኤም ቢሆን 150 ይሞላል፣ በማብሰል 20 በመቶው ከጠፋ ግን 120 ይቀራል። የጎደለውን ወተት፣ ዓሣና እንቁላል ካልሞሉት ይጎድላል። መፍትሔው ጨው ማብዛት አይደለም።

ስለዚህ መጠይቁ «አዮዲን ያለው ጨው ትጠቀማላችሁ?» በሚል ብቻ አይቁም። ጨው በምን ዕቃ ይቀመጣል? ይከደናል? ፀሐይ፣ እርጥበት ወይም የምድጃ ሙቀት ያገኘዋል? ይታጠባል? ወጥ ውስጥ የሚገባው መጀመሪያ ነው ወይስ ከመውጣቱ በፊት? ካሳቫና ጎመንም በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበሉ ጠይቁ፤ አዮዲን ወደ ታይሮይድ ዕጢ (አንገት ላይ ያለው፣ በአዮዲን ሆርሞን የሚሠራው ዕጢ) እንዳይገባ ያውካሉ፣ ጉዳታቸው የሚጎላው ግን አዮዲኑ አስቀድሞ ሲያንስ ነው። የትምባሆ ጢስም እንዲሁ። የሚቻል ከሆነ የደም ማነስ ይለካ፤ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚሠራው ኢንዛይም ብረት ይፈልጋል።

መልስ፣ ሐኪም፦ ስለ ዳሰሳው። ተማሪው ቀጥ ብሎ ይቁም ወይም ይቀመጥ፣ ምራቁን ይዋጥ፤ ታይሮይድ ዕጢው ከመዋጥ ጋር ከፍ ይላል። የዕጢው አንዱ ጎን ከራሱ ከተማሪው የአውራ ጣት ጫፍ አንጓ ከበለጠ እንቅርት ነው። በእጅ ተዳሶ ብቻ የሚገኘው ደረጃ 1፣ አንገቱ በተለመደው አኳኋን ላይ ሳለ በዓይን የሚታየው ደረጃ 2 ነው። መርማሪዎች የሚለያዩት ደረጃ 1 ላይ ስለሆነ የተወሰኑ ልጆችን ሁለት ሰው ለየብቻ ይዳስስ። እንቅርት 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ የማኅበረሰብ ጤና ችግር ነው ይባላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ጨው ከተስተካከለ በኋላም እንቅርት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ደግሞ እንቅርት የታየበት ልጅ ቤተሰብ ጨው ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የጥናቱ ውጤት ሰንጠረዥ ላይ አዮዲን ያለው ጨው «አጋላጭ» መስሎ ይወጣል። «ይህን ጨው የምትጠቀሙት ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ።

ዳሰሳው በመጋረጃ ጀርባ ይሁን፣ በተለይ ለሴቶች ልጆች። አንገቱ ላይ ጉብታ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ወደ ጤና ተቋም ይላክ። የአዮዲን ጠብታ በእጃችሁ አትስጡ።