ሃይደልበርግ ከእማዬ ጋር፦ ደረጃ ሳይበዛ እንዴት ይጎበኛል?

ማሂ (ፍራንክፈርት)፦
ሰላም ወገኖች። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ዓርብ ሃይደልበርግ ልንወስዳት አስበናል፤ የ8 ዓመት ልጄም አለ። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም እየጾመች ነው። ቤተ መንግሥቱ ጋ እንዴት ትውጣ? ዩኒቨርሲቲውስ ምኑ ይታያል?

ሳሚ፦
እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። ዶይችላንድ ቲኬት (የወሩ ትኬት) ካላችሁ በተራው ባቡር ሂዱ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጃል። ፈጣኑ ባቡር፣ አይሲኢ ላይ ትኬቱ አይሠራም። ዋናው ጣቢያ ከአሮጌው ከተማ ይርቃል፤ አውቶቡስ ይዛችሁ «ራትሃውስ ቤርግባን» ውረዱ። በገመድ የሚጎተተው የዳገት ባቡር እዚያው ነው። የቤተ መንግሥቱ ትኬት ደርሶ መልሱን ስለሚጨምር ለብቻ እንዳትገዙ። የእግር መንገዱ ከ300 በላይ ደረጃ ነው፣ አታስቢው።

ልጅሽን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን ትልቁን የወይን በርሜል አሳዪው። ወደ 220 ሺህ ሊትር ይይዛል፣ አናቱ ላይ ይወጣበታል።

ሮዛ፦
ዩኒቨርሲቲው በፈረንጅ ከ1386 ጀምሮ ያለ ነው፤ ግን እንደ ስድስት ኪሎ አጥርና በር ያለው ግቢ እንዳትፈልጊ፣ ከተማው ውስጥ ተበትኗል። የተማሪዎች እስር ቤቱ እንዳያመልጥሽ! ድሮ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ራሱ ያስር ነበር። ሌሊት ሰክሮ የጮኸ፣ በሰይፍ የተጋጠመ ይገባል፤ ለትምህርት ግን ይለቀቃል። በኋላማ መታሰር ኩራት ሆነ። እስከ 1914 ድረስ ግድግዳውን በስማቸው፣ ቆብ ባደረጉ ጥቋቁር የፊት ሥዕሎች ሞሉት። ጣሪያው እንኳ አልተረፈም።

ታዴ፦
ሮዛ፣ እሱ እኮ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ለእናቷ አይሆንም። ማሂ፣ አንቺ ከልጁ ጋር ግቢ፣ እሳቸው ዩኒቨርሲቲ አደባባይ ካፌ ይረፉ። የፈላስፎች መንገድ የሚሉትንም ዳገት ተዉት። ቤተ መንግሥቱ ከአሮጌው ድልድይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያ ያለው የነሐስ ዝንጀሮ ጭንቅላቱ ክፍት ነው፤ ልጅሽ ራሱን አስገብቶ ፎቶ ይነሳ። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ እማማ ተረከዝ ያለው ጫማ አያድርጉ።

ማሂ፦
ተባረኩ! ምግቡስ? እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም።

ሮዛ፦
ያኔማ ከቤተ መንግሥቱ ወርዳችኋል። «ቪጋን» ብለሽ ጠይቂ። «ቬጌታሪሽ» ካልሽ አይብና ቅቤ ይዘውልሽ ከች ይላሉ። ፋላፍል ስትገዪም እርጎ ያለበትን ሶስ አስቀሪ፣ ሳይጠይቁ ነው የሚያፈሱት።