60 ሊሞላኝ ነው፣ መላጊያዬን ግን ማስቀመጥ አልፈልግም። ምከሩኝ

የጦሳ ስር
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ሙያ ማሰልጠኛ ውስጥ እንጨት ስራ ሳስተምር 34 አመቴ ነው። የፊታችን ሰኔ 60 ይሞላኛል፣ ያው ጡረታ ነው። ልጆቼ "አባባ በቃህ አሁን፣ መስጊድህን ሂድ ቡናህን ጠጣ፣ የጎደለውን እኛ እንሞላለን" ይሉኛል። ከፍቅር ነው አልተቀየምኳቸውም። ግን እኔ እኮ አልደከመኝም፣ እንደውም መስራት የነበረብኝን ገና አልሰራሁም ነው የሚለኝ ውስጤ።

አሰልጣኝ የሆነ ሰው ይገባዋል፣ እኔ 34 አመት ሙሉ የሰራሁት ማሳያ ነው። መጋጠሚያ ሰርቼ ለተማሪ አሳያለሁ፣ እንጨት ውድ ስለሆነ እሱኑ መልሰን ቆርጠን ለሚቀጥለው ባች እንጠቀምበታለን። ሌላው በርና መስኮት፣ ዴስክ፣ ሼልፍ ነው፣ ካሪኩለሙ ላይ ያለው እሱ ነዋ። በልቤ ያለው ግን ረከቦት፣ የቤተክርስቲያን መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስና የቁርአን ማስቀመጫ ነው። በኛ አገር ሁሉም ይፈለጋል፣ ጎረቤቴ ቄሱ "አንድ አትሮንስ እኮ አልሰራህልኝም" እያሉኝ አስር አመት ሆነ። የቁርአን ማስቀመጫ ደሞ ከአንድ ወጥ ጣውላ የሚወጣ አለ፣ ጣውላውን በውፍረቱ ትሰነጥቀዋለህ ግን መሀሉን አትለየውም፣ ማጠፊያው እዛው እንጨቱ ውስጥ ጥርስ በጥርስ ይፈለፈላል፣ ሚስማር የለው ኮላ የለው፣ ስትከፍተው እንደ ኤክስ ይቆማል። አንዴ ሞክሬ አንዱ ጥርስ ተሰበረብኝ፣ ከዛ ወዲህ ጊዜ አላገኘሁም።

ጊቢዬ ውስጥ 3 በ4 የሆነች ክፍል አለችኝ። ጥያቄዬ፣ መስሪያ ቤቱ እንዲያራዝምልኝ ልሞክር ወይስ በራሴ ልጀምር? ጉልበቴ ቆሞ መዋል እምቢ እያለኝ ነው፣ ዓይኔም ማታ ማታ የእርሳስ መስመር አይለይልኝም። ገበያውንም ኤምዲኤፍ፣ ያ በፋብሪካ ተጨምቆ የሚሰራው ጣውላ፣ ወስዶታል ይላሉ። በዚህ እድሜ የጀመረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ፋይል ክፍል
ጋሼ እኔ የሰው ሀብት ላይ ነው የምሰራው። ማራዘም የሚባለው ነገር አለ ግን ሰራተኛው ስለፈለገ ብቻ የሚሆን አይደለም፣ መስሪያ ቤቱ ሙያውን ሲፈልገውና ተተኪ ሲያጣ ነው። በእንጨት ስራ ተመርቆ የተቀመጠ ልጅ ካለ ተስፋ አያድርጉበት።

ጡረታዎን ከአሁኑ ያስሉት። በ1267/2014 አዋጅ ለመጀመሪያው 10 አመት 30 በመቶ ነው፣ ከዛ በላይ ላለው ለያንዳንዱ አመት 1.25 ይጨመራል፣ የእርስዎ 24 አመት ሌላ 30 ያመጣል፣ በድምሩ 60 በመቶ፣ ጣሪያው 70 ነው። የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 አመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው እንጂ በመጨረሻው ወር ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። እና የቅጥር ቀንና የልደት ዘመን ፋይልዎ ላይ አንድ መሆኑን አሁኑኑ ሄደው ያዩት፣ በዚህ ምክንያት ወራት የሚመላለስ ሰው በየቀኑ አያለሁ።

ሸዋ በር
ይቅርታ አባቴ፣ በክብር ነው የምናገረው ግን ልለይ። እኔ በእንጨት ስራ ሌቭል 4 ጨርሼ ሁለት አመት ስራ ፈት ነኝ። ትልልቆቹ ካልለቀቁ እኛ የት እንግባ? ማራዘሙን ባይጠይቁ ደስ ይለኛል። በራስዎ ቢሰሩ ግን ማንም ቅር አይለውም፣ እንደውም እንደዛ የሚፈለፈል ማጠፊያ ትምህርት ቤት ማንም አላሳየንም። ወላሂ ዛሬ ነው የሰማሁት።

ነርስ ከወልዲያ
ወንድሜ አብሽር። እኔም ጡረታ ከወጣሁ አራት አመቴ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ በሳምንት ሶስት ቀን እሰራለሁ፣ ሌሊት ተረኛነት የለም ከባድ ማንሳት የለም። ስራውን አልተውኩም፣ ሰአቱን ነው የቀየርኩት።

ስለ ዓይንህ፣ ከ40 በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ማየት ሁሉንም ያስቸግራል፣ በዛ ላይ በ60 ዓይን በ20 አመቱ ከሚፈልገው በጣም የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ማታ አትስራ፣ ጠረጴዛህን መስኮት ስር አድርገው፣ የእጅህ ጥላ መስመሩ ላይ እንዳያርፍ። ግን መነጽር ከመንገድ ገዝተህ አታድርግ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብህ ነው የዓይን ክፍላቸው የታወቀ ነው፣ የዓይን ሞራ ወይ የዓይን ግፊት እንዳይሆን ይዩህ። ለጉልበትህ ከፍ ያለ በርጩማ ስራ፣ ለራስህ የመጀመሪያው ስራህ እሱ ይሁን።

ከሁሉ ደሞ ብናኙ! የእንጨት ብናኝ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ ከተመደበ ቆይቷል፣ በ1995 እ.ኤ.አ ነው፣ በተለይ የአፍንጫ። 3 በ4 በጣም ጠባብ ነው፣ ሁለት በኩል የሚከፈት አድርገው፣ ጨርቅ አፍህ ላይ ማሰር አይበቃም ደህና ማስክ ግዛ። እባክህን ይሄን ቀላል አታድርገው።

ኮምቦልቻ 03
አባባ ልጆችዎን አይፍረዱባቸው፣ እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ 67 ሲሆነው ከወንድሞቼ ጋ ተማክረን ሲንጀር ስፌት መኪናውን እቃ ቤት አስገባንበት፣ እረፍት ያገኘ መስሎን። ምንም አላለንም። ከዛ ለካ በየቀኑ ከዙሁር በኋላ ገበያ ውስጥ የሌላ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በነጻ ቁልፍ ይተክል ነበር። ጎረቤት ነው የነገረን። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ መኪናውን አውጥተን ዘይት አጠጣነው።

አሁን አዲስ ልብስ አይቀበልም። ካፖርት መገልበጥና የድሮ ኮት ማስተካከል ብቻ ነው የሚሰራው፣ ያን ወጣቶቹ አይችሉትም፣ ከባቲ ድረስ ይዘውለት የሚመጡ አሉ። ስለ ኤምዲኤፍ ያሉት ስለዚህ አያሳስብዎ፣ ኤምዲኤፍ ቁምሳጥን ይሆናል እንጂ አትሮንስ አይሆንም። ሐዲስ አለማየሁም እኮ የመንግስት ስራ ከተውት በኋላ 70 አልፏቸው ነው ሌሎቹን ልቦለዶቻቸውን ያሳተሙት፣ አባቴ ራሱ ነው ይሄን የሚነግረኝ፣ አንባቢ ነው። ልጆችዎ ይሄን ፖስት ቢያዩት ጥሩ ነው፣ ስልክዎን ይስጧቸው።

የጦሳ ስር
ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ማራዘሙን ትቼዋለሁ፣ የሸዋ በሩ ልጅ ያልከው እውነት ነው። ግን አንተም ና፣ ደሞዝ አሁን ቃል አልገባልህም፣ ከምንሸጠው እንካፈላለን፣ መሮና መዶሻ ግን አለኝ። ኮምቦልቻ 03፣ ለልጄ ደውዬ የአባትሽን የልብስ ሰፊውን ነገር አነበብኩላት፣ ዝም አለች፣ ከዛ "እንጨቱን በስንት ነው የምትገዛው" አለችኝ። ትናንት ሁለት የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ፣ እስኪደርቅ ጥላ ስር ቆሟል። እህቴ ነርሷ፣ ማስኩ የትኛው አይነት እንደሆነ ስሙን ጻፊልኝ፣ መስኮቱን እኔ እከፍተዋለሁ።