የጫካ ክሪኬቶችን እስከ ዝርያ ለመለየት የቱን አካል ልይ?

ደን_ዳር፦
ከካፋ ደን የተሰበሰቡ፣ በ70 በመቶ አልኮል የተቀመጡ ክሪኬቶች (ሌሊት የሚጮኹት ፌንጣዎች) አሉኝ። አብዛኞቹ ቡናማ ስለሆኑ ከፎቶ ጋር ሳስተያያቸው ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። በስልክ የተቀዳ ድምፅም አለ። ከምን ልጀምር?

አንጓ_ቆጣሪ፦
ቀለሙን ተወው፤ አልኮል ያጠፋዋል። መጀመሪያ የእግሩን ጫፍ አንጓዎች ቁጠር። አንቴናው ረጅምና ቀጭን ሆኖ አንጓው 3 ከሆነ ክሪኬት ነው፤ 4 ከሆነ ካቲዲድ (ሌላ ረጅም አንቴና ያለው የፌንጣ ዘመድ) ነው። የሴት ካቲዲድ እንቁላል መጣያ ጠፍጣፋ፣ ብዙ ጊዜም እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ የክሪኬቷ ግን ድብልብልና ቀጥ ያለ።

ቀጥሎ የኋላ ቅልጥም። በትልልቆቹ እሾሆች መሃል ደቃቅ ጥርሶች ካሉት ግሪሊኔ (አንዱ የክሪኬት ንዑስ ቤተሰብ) አይደለም፤ ፋላንጎፕሲዴ የሚባለውን የክሪኬት ቤተሰብ ጠርጥር። ትንንሾቹ ላይ የእግሩን ጫፍ 2ኛ አንጓ እይ፦ ሰፋ ብሎ ልብ መሳይ ከሆነ ትሪጎኒዲኔ፣ ጠባብ ከሆነ ኔሞቢኔ (ሁለቱም ንዑስ ቤተሰቦች ናቸው)።

አንድ ወጥመድ አለ። የኋላ ክንፉ እምቡጥ የፊቱን ሸፍኖት ካየህ ገና ያልደረሰ ነውና አጭር ክንፍ ያለው ዝርያ ነው ብለህ እንዳትመዘግበው።

ወረንጦ፦
ከዚያ በላይ ለመሄድ የወንዱን ብልት ማውጣት ግድ ነው። በጣም የሚመሳሰሉት የሚለዩት በእሱ ነው። አስቀድመህ አንድ የኋላ እግር ቆርጠህ ለዲኤንኤ በ95 በመቶ አልኮል አስቀምጥ። ከዚያ ጫፏ በታጠፈ ቀጭን መርፌ ብልቱን ከሆዱ መጨረሻ ሳብና 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ሥጋውን የሚያሟሟ ኬሚካል) ውስጥ ክተት። ሳታሞቅ ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ እየደጋገምክ እየው። ከቆየ ስስ ሽፋኖቹ ይሟሟሉ፣ ጠንካራዎቹም ይገረጡና ቅርጹን ማንበብ ያቅታል። በውሃ አጥበህ፣ ጥቂት ኮምጣጤ ባለበት ውሃ አለቅልቀህ፣ በግሊሰሪን በትንሽ ብልቃጥ አኑር። የናሙናው ቁጥር ብልቃጡም ውስጥ ይግባ፤ ቁጥር የሌለው ብልት ዋጋ የለውም።

ደን_ዳር፦
አመሰግናለሁ። የስልኩ ቅጂስ ይጠቅማል? ሴቶቹስ?

ጆሮ፦
የብዙዎቹ ድምፅ ከ2 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ስልኩ ይይዘዋል። ችግሩ ስልኩ ፋይሉን መጭመቁና «ጫጫታ ልቀንስ» ብሎ ድምፁን መቆራረጡ ነው። ይህን አጥፍተህ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ቅዳ። ከፍ ያለ ድግግሞሽ (ቀጭን ድምፅ) ላላቸው ግን በሰከንድ 96 ሺህ የድምፅ ናሙና የሚወስድ መቅጃ ይሻላል።

ሙቀቱ ካልተጻፈ ቅጂውን ለማወዳደር አትችልም፤ ሲሞቅ ምቱ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ስለዚህ አንዱን ዝርያ ሁለት አድርገህ ልትቆጥረው ትችላለህ። ደግሞም የጮኸውን ራሱን ያዘው፤ ድምፅና አካል በአንድ ቁጥር ካልተያያዙ ቅጂው ስም የለውም።

ፋላንጎፕሲዴ ውስጥ ክንፍ አልባ ስለሆኑ የማይጮኹ ብዙ አሉ። እነሱን በመቅጃ አትጠብቃቸው፣ በምሽት በባትሪ ግንድ ግንዱን ፈልግ።

አንጓ_ቆጣሪ፦
ሴቶቹን ከወንድ ጋር አብረው ካልተያዙ ወይም ዲኤንኤ ካላገናኛቸው በቀር ወገኑ (ከዝርያ በላይ ያለው ምድብ) ላይ አቁማቸው። ስም ለመስጠት ስትደርስ የኦርቶፕቴራ ስፒሺስ ፋይል (የፌንጣና የክሪኬት ዝርያ ስሞች መዝገብ) ድረ ገጽ ላይ የስሙን ወቅታዊ ይዞታ ፈትሽ፤ የቆዩት መለያ ቁልፎች (በጥያቄ እየመሩ ወደ ስም የሚያደርሱ ሰንጠረዦች) ላይ ቤተሰቦቹ በሌላ አከፋፈል ነው ያሉት።