ትንሹ አቃቂ ዳር ያለው ማሳችን በፍሳሽ ተጎዳ፤ ጉዳቱን በማስረጃ እንዴት እናሳይ?

የአቃቂው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ትንሹ አቃቂ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት እያለማ ነው ያሳደገን። ከማሳችን ከፍ ብሎ አንድ ቆዳ ፋብሪካ አለ። ስሙን አልጠቅስም። ፍሳሹን የሚለቀው ሌሊት ነው። ጠዋት ስንወርድ ወንዙ አረፋ ለብሶ፣ ወደ ሰማያዊ አድልቶ፣ እንደ ገማ እንቁላል እየሸተተ ይጠብቀናል። ዘንድሮ ሁለት መደብ ቆስጣ ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ ተቃጠለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጎረቤታችን ጥጃ ከወንዙ ጠጥታ በማግስቱ ሞተች።

አቤት ብለን ሄድን፤ «ማስረጃ አምጡ» ተባልን። በሃይላንድ ውኃ ቀድቼ ብወስድ «ይሄ ማስረጃ አይሆንም» ብለው መለሱኝ። ምን ላስለካ? ከየት ልቅዳ? አባቴ ተስፋ ቆርጧል፤ እኔ ግን ገና አልቆረጥኩም።

ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ

ወንድሜ አይዞህ። ሃይላንዱ የተመለሰው ከየት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደተቀዳ የሚያሳይ ነገር ስለሌለው ነው። ደግሞም አንድ ጠርሙስ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚነጻጸርበት ያስፈልገዋል። ቢያንስ ሦስት ቦታ ቅዳ። አንዱ ከፍሳሽ ቱቦው በላይ፣ አንዱ ቱቦው አፍ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ፍሳሹ ከወንዙ ጋር በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ፣ ውኃ የምትጠልፉበት ጋ። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ሂድ። አለበለዚያ በእግርህ ያደፈረስከው ደለል ቀጣዩ ናሙና ውስጥ ይገባል።

ጠርሙሱ እንደሚለካው ነገር ይለያያል። ለጠቅላላ ክሮሚየም (ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበት ብረት) ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ለሰልፋይድ (ለዚያ ለገማ እንቁላል ሽታ) ዚንክ አሲቴት ያስፈልጋል። አደገኛው ባለ ስድስት ክሮሚየም ግን አሲድ አይጨመርበትም፤ በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከመቅዳትህ በፊት ላብራቶሪውን አነጋግርና የተዘጋጀውን ጠርሙስ ከእነሱ ውሰድ። ናሙናውን የተቀበለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን ጽፎ የሚፈርምበት ወረቀትም አብሮ ይሂድ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ባለበት ብትቀዳ ደግሞ ማንም አይከራከርህም።

ሰዓቱ ዋና ነገር ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ብትቀዳ ፍሳሹ አልፎ ሄዷል። በእጅ የሚያዝ የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ (ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ፤ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል) ተዋስ። ቆዳ የሚቆየው በጨው ስለሆነ የፋብሪካው ፍሳሽ ሲደርስ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል። ሌሊቱን በየሰዓቱ ለካና ሲዘል ያኔ ቅዳ።

የሰፈሩ ሰው

ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም፤ ግን ትንሹ አቃቂ እናንተ ጋ ሳይደርስ የከተማውን ሽንት ቤት ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ፋብሪካው «ወንዙ ከላይም ቆሻሻ ነው» ቢልስ ምን ትላለህ?

ስለ ወንዝ ያጠናሁ

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ፋብሪካውም የሚያነሳው ይህንኑ ነው። መልሱ ግን አለ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ምልክቱ ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) እና አሞኒያ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ምልክቱ ክሮሚየም፣ ሰልፋይድና ጨው ነው። ከቱቦው በላይና በታች ኢ. ኮላይ ተቀራራቢ ሆኖ ክሮሚየሙ ብቻ ከታች ካሻቀበ፣ ምንጩ ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።

ውኃው ላይ ብቻ አትንጠልጠል። ውኃ ያልፋል፤ ደለሉ ግን ይቀመጣል። ክሮሚየም ከጭቃ ጋር ተጣብቆ ስለሚዘቅጥ ፋብሪካው ለሳምንት ቢያቆም እንኳ ታሪኩ እዚያ ይገኛል። ውኃው ረጋ ከሚልበት ቦታ ከላይኛው የደለል ንጣፍ ውሰድ፤ ከቱቦው በላይም በታችም። የማሳችሁን አፈር ደግሞ ከ0 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ከብዙ ነጥብ ለቅመህ ቀላቅለው። በዚያው ቀበሌ በዝናብ ወይም በጉድጓድ ውኃ ብቻ ከሚለማ ማሳም ውሰድ። ይቺን አትርሳ። የአዲስ አበባ ዙሪያ አፈር ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ነው፤ በተፈጥሮውም ክሮሚየም አለበት። ማነጻጸሪያ ከሌለህ «ከድሮም የነበረ ነው» ይሉሃል።

ውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ስታስለካም ከፍታውን አስብ። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውኃ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ባሕር ዳርቻ ቢሆን 9 ይሆን ነበር። ከ2 በታች ከወረደ አብዛኛው ዓሣ አይተርፍም።

ድንጋይ ገልብጠህም እይ። ሦስት ክር መሳይ ጭራ ያላቸው እጮች ካሉ ውኃው ገና በሕይወት አለ። ቀያይ ትል መሳይ እጮች ብቻ ከቀሩ ኦክስጅኑ አልቋል። ሁለቱም ከሌሉ መርዝ ጠርጥር። ለዚህ ማነጻጸሪያህ ከተማው ያልነካው የወንዙ ራስ፣ ወደ ገፈርሳ በኩል ያለው ይሁን።

የውኃውን መጠንም ገምት። 10 ሜትር ለክተህ ብርቱካን ጣልና በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ቁጠር። ፍጥነቱን በወንዙ ስፋትና ጥልቀት አባዛው። ላይኛው ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 አባዛ። ለምሳሌ በሰከንድ 500 ሊትር የሚወርድ ከሆነና በአንድ ሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሮሚየም ከተገኘበት፣ እንዲሁ ከቀጠለ በቀን 8.6 ኪሎ ክሮሚየም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ እየሄደ ነው። 0.2 ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ 8.6 ኪሎ ሲባል ግን ሰው ይሰማል።

የእንስሳት ሐኪም

ስለ ጥጃዋ ልናገር። በአንድ ቀን ሞት መጀመሪያ የምጠረጥረው ክሮሚየምን አይደለም። ሰልፋይድ፣ ብዙ ጨው ወይም ጭራሽ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ድንገት የሞተን ከብት ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ሥጋውንም አትብሉ። ከአፍ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ሰውንም ይገድላል። ሌላ ከሞተ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩና ሪፖርቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ያለ ምርመራ «ፋብሪካው ገደላት» ካላችሁ ግን ያ አንድ ደካማ ነጥብ ጠንካራውን ማስረጃችሁንም ያስጠረጥራል።

የሕግ ባለሙያ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን አንብብ። ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ስለዚህ በቃል አቤት ማለት ይብቃ። በጽሑፍ አስገባ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ለደረሰባችሁ ኪሳራ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 አለ። መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ፈቃድ አለኝ ማለትም አያድነውም። የካሣ ጥያቄ ግን ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አባትህ የሸጡበትን ደረሰኝ፣ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ፣ ከጉዳቱ በፊትና በኋላ ከአንድ መደብ የተነሣውን ምርት አሁኑኑ በደብተር መዝግቡ። ፎቶውም ቀን ይኑረው።

የአቃቂው ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ደብተር ገዛሁ። ከአባቴ ጋር ተቀምጠን የሦስት ዓመቱን ሽያጭ እየጻፍን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እስከዚያ የደረሰውን ካሮትና ቆስጣ እንብላው? እንሽጠውስ?

ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ

ክሮሚየም በአብዛኛው ሥር ላይ ነው የሚቀረው፤ ወደ ቅጠል የሚወጣው ትንሽ ነው። ስለዚህ የሚያሳስበኝ ከሁሉ በላይ ካሮቱ ነው። ደህና አድርጎ ማጠብ ጭቃውን ያነሳል፤ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም። ካሮቱን ከነሥሩ፣ ቆስጣውን ከነቅጠሉ ለየብቻ አስመርምር። ውጤቱ እስኪመጣ ካሮቱን ለገበያ አታውጡ፤ ለልጆችም አትስጡ። ኪሳራው እንደሚያማችሁ አውቃለሁ። ያልሸጣችሁትንም መዝግቡት፤ እሱም ከጉዳቱ ጋር ይደመራል። ቅዳሜ ሌሊት የምትቀዱ ከሆነ አርብ ከሰዓት ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ውሰዱ። ጓንትና ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ብቻህንም አትውረድ።