ሚስማር የወጋው እግር ለምን መግል ይይዛል?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ እዚህ ግንባታ አካባቢ ሚስማር የወጋው እግር በማግስቱ ቀልቶ ያብጣል፣ ቆይቶም ይመግላል። መግሉ ራሱ ጀርም ነው እንዴ?

መልስ፦ አብዛኛው ሲዋጉ የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ ከነጭ የደም ሕዋሳት ከ40 እስከ 70 በመቶውን ይይዛሉ። መጀመሪያ ቆዳ ሥር ያሉት ማክሮፌጅ የተባሉ ጀርም ዋጭ ሕዋሳት በኬሚካል ይጠሯቸዋል። ከዚያ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሾልከው ይወጣሉ፤ ቁስሉ ጋ ለመድረስ ሰዓታት ይበቃቸዋል። ኮምፕሊመንት የተባለው ፕሮቲን ባክቴሪያውን ከለበጠው መያዙ በጣም ይቀላል። በሽፋናቸው ጠቅልለው ይውጡታል፤ ሊሶሶም የሚባለው ከረጢት ከዋጡት ጋር ተዋህዶ ኢንዛይሙን ያፈስበታል። እብጠቱም ቅላቱም የዚሁ ሥራ ምልክት ነው።

መልስ፦ ልጨምርበት ወንድሜ። ኒውትሮፊል የዋጠውን የሚገድለው በዋናነት ከኦክስጅን በሚሠራው ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። የሚስማር ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ቢውጥም መግደል ያቅተዋል። የጫማ ሶል ቁራጭ ውስጡ ከቀረማ ይብሳል። ስለዚህ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ላዩን በፕላስተር መድፈን ብቻውን አይረዳም።

ጠያቂው፦ ታጥቦ ቢሽርስ፣ ቴታነስ ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ። ፋጎሳይት (እንደ ኒውትሮፊል ያለ ዋጭ ሕዋስ) ባክቴሪያ ይውጣል እንጂ የቴታነስ ባክቴሪያ አመንጭቶት ነርቭ ውስጥ የገባ መርዝ አያወጣም። መርዙን ነርቭ ሳይገባ የሚያመክነው በክትባት የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ የመጨረሻ ክትባቱ 5 ዓመት ካለፈው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።