አስሟ ትምህርት ቤት ሲነሳባት ልጄ ምን ታድርግ?

ጥያቄ (እናት፣ አዳማ)
ሰላም ናችሁ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ 3ኛ ክፍል ናት። አስም አለባት። ቤት ውስጥ ሲነሳባት እኔ አለሁላት። ባለፈው ሳምንት ግን ያ የአዳማ ንፋስ ተነስቶ የትምህርት ቤቱ ግቢ አቧራ በአቧራ ሆነ። ደረቷ ሲያፍናት ኢንሄለሩን (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን) ከቦርሳዋ ለማውጣት አፈረች። «ልጆቹ ያዩኛላ!» ነው ያለችኝ። ቤት ስትደርስ ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። ራሷን እንድትረዳ እንዴት ላስተምራት?

መልስ (ነርስ)
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ፓፉን (ኢንሄለሩ አንዴ ሲጫኑት የሚረጨውን መድኃኒት) ስትወስድ ቁጭ ብለሽ እያት። ብዙ ልጆች መድኃኒቱን ምላሳቸው ላይ ነው የሚያስቀሩት። ለእሷ ዕድሜ በስፔሰር፣ ማለትም በኢንሄለሩና በአፏ መካከል በሚገባ ባዶ ዕቃ፣ መውሰድ ይሻላል። ስፔሰር ካጣሽ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተጠንቶ እንደሚሠራ ታይቷል። በሳሙና አጥበሽ ሳትወለውዪ አድርቂው። ቂጡን በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቅደጂና ክፍተት እንዳይኖረው ዙሪያውን ድፈኚው። ኢንሄለሩን ታራግፋለች፣ የሃይላንዱን አፍ በከንፈሯ ትገጥማለች፣ አንዴ ትጫናለች፣ ከዚያ 5 ወይም 6 ጊዜ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች።

ሰማያዊው ኢንሄለር፣ ሳልቡታሞል፣ ሲያፍናት የሚወሰድ ነው። በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ከታዘዘላት ደግሞ ደህና ብትሆንም አታቋርጪው፤ ከወሰደች በኋላ አፏን ትጉመጥመጥ። ሰማያዊውን በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ከፈለገች ሐኪም ይያት።

መልስ (የ4ኛ ክፍል መምህር)
እባክሽ ኢንሄለሩ ቢሮ ውስጥ እንዳይቆለፍ፤ ከእሷ ጋር ይሁን። ስለ ሀፍረቱ የማውቀውን ልንገርሽ። አንድ ተማሪዬ እንዲሁ ይደበቅ ነበር። እናቱ ክፍላችን መጥታ ለሁሉም ልጅ ስትሮ አደለች። አፍንጫቸውን ይዘው በእሱ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ እንዲተነፍሱ አደረገች። «አስም ሲነሳበት እንዲህ ነው የሚሰማው፤ ደግሞም አይተላለፍም» አለቻቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ «ቲቸር፣ እያፈነው ነው» ብለው ቀድመው የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።

ክፍል ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይረጭ። የእሷ የመጥረግ ተራም በሌላ ሥራ ይቀየር።

መልስ (ከአስም ጋር ያደገ፣ ሐዋሳ)
ሩጫ አትከልክያት። እኔን ከልክለውኝ ዳር ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሐኪሟ ከፈቀደ ከስፖርት 15 ደቂቃ በፊት ፓፍ ወስዳ፣ ሰውነቷን አሟሙቃ ትሩጥ። ቤት ውስጥ ደግሞ እጣኑና ሰንደሉ ይቅርባችሁ።

ጠያቂዋ
ሲስተር፣ በጣም ሲብስባትስ? ስንት ፓፍ ነው?

ነርሷ
ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አትተኛ። አንድ ፓፍ፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ቆይቶ ሌላ፣ እንዲህ እስከ 10። ካልተሻላት ወደ ሆስፒታል። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሃል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ 10 እስኪሞላ አትጠብቁ። በባጃጅም ቢሆን ይዛችኋት ሂዱ፣ ፓፉ መንገድ ላይ ይቀጥል። ይህን በወረቀት ከስልክ ቁጥርሽ ጋር ለመምህሯ ስጪ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ሃይላንዱን አብረን ሠራን። ስሟን በማርከር ጽፋበታለች። ሰኞ ስትሮ ይዤ መምህሯ ጋ እሄዳለሁ።